የኮፒ ቤት ኮምፒውተሮች፦ አንቲቫይረስ ማደስ ይሻላል ወይስ «ከተፈቀደው ውጪ አይከፈት» ማለት?

ቀለም_አራት_ኪሎ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲው ብዙም ሳይርቅ፣ የአጎቴ ኮፒና ኅትመት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አይቲ አልተማርኩም፤ ግን ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። 9 ማሽን አለን። አብዛኞቹ ደንበኛ የሚስተናገድባቸው ናቸው። ሦስቱ ላይ ዲዛይን ይሠራል። አንዷ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነባት የሒሳብ ሠራተኛችን ማሽን ናት። ሁሉም «ሥራ» በሚባል አንድ ሼርድ ፎልደር ይገናኛሉ።

ጠላታችን ፍላሽ ነው። ተማሪው ዲፌንስ ሲደርስበት ተሲሱን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ደግሞ ስንት ኮፒ ቤት ዞሮ እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ስንሰካው ፎልደሩ አለ፤ ግን ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለችበት፣ መጠኑም 1 ኪሎባይት ነው። ልጁ «ማታ እኮ ነበር!» ይላል፤ ላብ ያጠምቀዋል። የእኛ ልጆች ለምደውታል። «ሂድን አይተምስ» የሚለውን መንካት ብቻ አይበቃም። ፎልደር ኦፕሽንስ ገብተው የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ያነሳሉ፣ ያኔ እውነተኛው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ብቅ ይላል። ይኼ ያናድዳል እንጂ አያስለቅስም።

ያስለቀሰን ሌላ ነው። በቅርቡ ከደንበኛ ማሽኖቹ በአንዱ ገብቶ «ሥራ» ፎልደርን ሙልጭ አድርጎ ቆለፈው። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ የማናውቀው ፊደል ተቀጠለበት፤ አንዱም አልከፈት አለ። አጠገቡ በእንግሊዝኛ «ቢትኮይን ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። የሠርግ ካርድ፣ የደረሰኝ ፓድ፣ የማኅበር መጽሔት፣ ሁሉም ሄደ። የተረፈን ደንበኞች በቴሌግራም ልከውልን የነበረው ብቻ ነው።

«አንቲቫይረስ የላችሁም እንዴ?» እንዳትሉኝ። ነበረን። ከአንድ ሱቅ ላይሰንስ ገዝተን ለሁሉም ማሽን ይሆናል ተብለን ነበር። ጥቂት ወራት ሠራና ቁልፉ ታግዷል አለን። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። አሁን ትክክለኛውን ለማደስ ዋጋ ስንጠይቅ ደግሞ፣ ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር የሚሸጥ ነገር የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። አጎቴ «ላልጠበቀኝ ዘበኛ ድጋሚ ደመወዝ አልከፍልም» ብለዋል።

ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ «እኛ ጋ ያልተፈቀደ ፕሮግራም ጭራሽ አይከፈትም፣ አፕሊኬሽን ዋይትሊስቲንግ ይባላል» አለኝ። ይኼ ነገር ለእኛ ዓይነት ቤት ይሆናል? ወይስ የትልቅ ድርጅት ቅንጦት ነው? አንቲቫይረሱንስ ይተካል?

ቦሌ_ቴክ

እህቴ ካስፐርስኪ ወይም ቢትዲፌንደር ኦሪጅናሉን ግዢና ተገላገይ። ዋይትሊስት ምናምን ለባንክ ነው። አንድ ነገር ልትከፍቺ ስትይ «አልተፈቀደም»፣ አሁንም «አልተፈቀደም»። ልጆቹ ያብዱብሻል።

ካፌው_ድሮ

ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ በነበረን ጊዜ ዲፕ ፍሪዝ ጭነን ነበር የምንተኛው። ደንበኛ የፈለገውን ያድርግ፣ ቫይረስ ያራግፍ፣ ሪስታርት ስታደርጊው ማሽኑ ትናንት እንደነበረ ይነሳል። አንቲቫይረስም ዋይትሊስትም አያስፈልግሽም። ሞክሪው።

ኬብል_ሳቢ

ሜክሲኮ፣ ስታዲየምና አምባሳደር አካባቢ ያሉ ትንንሽ ቢሮዎች ኮምፒውተር ነው የማየው። የእናንተን ዓይነት ታሪክ ብዙ ጊዜ ስላየሁት ልዘርዝርልሽ።

መጀመሪያ ለካፌው። ዲፕ ፍሪዝ አሪፍ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ካፌ ውስጥ የሚጠፋ ሥራ የለም፤ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል። ኅትመት ቤት ውስጥ ሥራው ሼርድ ፎልደር ላይ ነው ያለው። ራንሰምዌር፣ ያ ፋይል ቆልፎ ክፈሉ የሚለው ቫይረስ፣ ጠዋት ከገባ እስከ ምሳ ሰዓት «ሥራ» ፎልደርን ጨርሷል። ያን ማሽን ሪስታርት ብታደርጊው ራሱ ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል፤ የተቆለፈው ፎልደር ግን ሌላ ማሽን ላይ ስለሆነ እንደተቆለፈ ይቀራል። በዚያ ላይ የዊንዶውስ አፕዴቱም በየጊዜው ፍሪዙን አንስተሽ ካላስገባሽው አብሮ ይጠፋል። ለደንበኛ ማሽኖቹ ተጨማሪ ይሁን፤ ዋና መከላከያ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንቲቫይረስ በዋናነት የሚያውቀውን መጥፎ ነው የሚፈልገው። የታወቁ ቫይረሶች ምልክት አለው፤ ከዚያ ውጪ ያለውን ደግሞ ከጠባዩ ለመገመት ይሞክራል። አዲስ የወጣ ወይም ልብሱን የቀየረ ነገር ሲመጣ አንዳንዴ ያልፈዋል። ዋይትሊስቲንግ በተቃራኒው ነው። መጥፎውን አይፈልግም። እንደ ፈተና አዳራሽ በር ነው፦ ስምህ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ከሌለ አትገባም፣ ጥሩ ተማሪ ብትሆንም።

«ለባንክ ነው» የሚለው ላይ አልስማማም። እንዲያውም ባንክ ነው የሚከብደው። ስንት ክፍል፣ ስንት መቶ ፕሮግራም አለ። የእናንተ የደንበኛ ማሽን ምን ይፈልጋል? ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ክሮም፣ ቴሌግራም፣ ፓወር ግዕዝ፣ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር። አለቀ። ደንበኛ የሚያመጣው ሰነድ ነው እንጂ ፕሮግራም አይደለም። ከፍላሽ ላይ ፕሮግራም የሚነሳበት አንድም በቂ ምክንያት የላችሁም። ለእንዲህ ዓይነት ቤት ከዋይትሊስት የሚቀል መከላከያ አላውቅም።

ያቺ ቀስት ያለባት ፎልደር እንዴት እንደምትሠራ ልብ በይ። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ይሠራል። ሾርትከቱ ሲነካ ፍላሹ ላይ የተቀመጠ ስክሪፕት (በጽሑፍ የተዘረዘረ ትእዛዝ) ወይም ኤክስኢ ፋይል (ራሱ ፕሮግራሙ) ይነሳል፤ ተጠቃሚው እንዳይጠረጥር ፎልደሩም አብሮ ይከፈታል። ዋይትሊስት ሲኖር ያ ስክሪፕት ከፍላሽ ላይ ስለሚነሳ ይታገዳል። ፎልደሩ አሁንም ተደብቆ ይቆያል፣ ልጆቹ ያወጡታል፤ ማሽናችሁ ግን አይያዝም፤ የሚቀጥለው ደንበኛ ፍላሽም ከእናንተ አይጠቃም። ኮፒ ቤት በዚህ ነው ስሙ የሚጠፋው።

መሣሪያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ አፕሎከር ይባላል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ነበረ፤ ግን ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ኢንተርፕራይዝ በመሰሉት ውድ እትሞች ላይ ብቻ ነበር። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ማይክሮሶፍት ያን ገደብ ስላነሳው አፕዴት የተደረገ ፕሮ ላይም ይሠራል። ሆም ከሆነ ፖሊሲው የሚጻፍበት መስኮት የለውም፤ መጀመሪያ እሱን እዪ። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ እሱንም አስቡበት።

አፕሎከር ሲከፈት «ዲፎልት ሩልስ» የሚል አለ። ፍጠሪ ስትይው እንዲህ ይላል፦ ዊንዶውስ ፎልደርና ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለውን ማንም ይክፈት፤ ከዚያ ውጪ ያለውን አድሚን ብቻ። ይኼው ነው ዋናው። ፍላሽ፣ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ አፕዳታ (ፕሮግራሞች የየተጠቃሚውን ነገር የሚያስቀምጡበት ድብቅ ፎልደር)፣ ቫይረስ የሚወዳቸው ቦታዎች በሙሉ ከዝርዝሩ ውጪ ቀሩ። ሕጉን ለኤክስኢም፣ ለስክሪፕትም፣ ለኢንስቶለርም ለየብቻ ፍጠሪ። ብዙ ሰው ኤክስኢውን ብቻ ዘግቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ቪቢኤስ የሚባለው የስክሪፕት ዓይነት ይበላዋል። አንድ ቀዳዳም አለ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ እንደ ቴምፕ ያሉ ተራ ተጠቃሚ ሊጽፍባቸው የሚችል ንዑስ ፎልደሮች አሉ፤ እነሱን በኤክሰፕሽን አስወጫቸው።

እዚህ ጋ ግን ቁም ነገሩ። ሕጉ «አድሚን ሁሉንም ይክፈት» ስለሚል፣ ልጆቹ በአድሚን አካውንት የሚገቡ ከሆነ ሥራሽ ከንቱ ነው። መቼም ሁሉም ማሽን ላይ አንድ አካውንት ነው ያለው፣ ፓስወርዱም ወይ የለም ወይ 1234 ነው፤ ገመትኩ? ለሠራተኛ ተራ አካውንት ክፈቺ፤ የአድሚኑ ፓስወርድ አንቺና አጎትሽ ጋ ይቅር። ይኼን ብቻ አድርገሽ ሌላውን ብትተዪው እንኳ ግማሹ ችግር ይቀንሳል። በነፃ ነው ደግሞ።

ሌላም ልጠይቅሽ፣ እዚህ ሁላችንም ሐበሻ ነን፣ አንተፋፈር። ፎቶሾፑና ኮሬሉ ክራክ ነው፣ ዊንዶውሱም በአክቲቬተር ነው የተከፈተው፣ አይደል? የክራክ የመጀመሪያ መመሪያ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ነው። አጥፍተሽ በአድሚን መብት ያስገባሽው ነገር ምን ይዞ እንደመጣ ማን ያውቃል? ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ክፈቺና «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን እዪው። ሲ ድራይቭ ሙሉ በሙሉ እንዳይፈተሽ የተመዘገበባቸው ቢሮዎች አይቻለሁ። የጫነው ቴክኒሻን «ፍጥነት እንዲጨምር ነው» ብሏቸው ነው።

አንቲቫይረሱን ይተካል ወይ ላልሽው፣ አይተካም። ግን መግዛትም የለብሽም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር ካልተነካካና አፕዴት ካገኘ ለናንተ ይበቃል። አፕሎከር ወርድ ውስጥ የተደበቀ ማክሮን (ሰነዱ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው) አያግድም፣ ምክንያቱም የሚነሳው የተፈቀደው ወርድ ነው። ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣ ሰነድን ማክሮ እንዲያግድ አድርጓል፤ በፍላሽ የመጣ ሰነድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ «ከኢንተርኔት ነው» የሚለው ምልክት የለውም፤ ብዙ ፍላሽ ፎርማት የሚደረግበት ፋት 32 ምልክቱን አይዝም። ስለዚህ ማክሮን ከወርድ ትረስት ሴንተር ገብተሽ ጨርሰሽ ዝጊው። ተሲስ ለማተም ማክሮ የሚያስፈልገው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

የመጨረሻው፦ ፎቶኮፒ ማሽናችሁ ስካን አድርጎ ቀጥታ ፎልደር ውስጥ ያስገባል? አሮጌ ከሆነ ለሱ ተብሎ ኤስኤምቢ 1 የሚባለው የድሮ የፋይል ማጋሪያ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓለምን ሲያዳርስ የገባው በዚህ በር ነበር። ማንም ምንም ሳይነካ ከማሽን ማሽን ይዘል ነበር፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰዋል። ማስተካከያው፣ ኤምኤስ17-010፣ ጥቃቱ ሊደርስ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ወጥቶ ነበር። እንዲህ ያለውን አፕሎከር አያስቆምልሽም፤ የሚያስቆመው አፕዴትና ያን በር መዝጋት ነው። ኮፒ ማሽኑ ስካኑን በኢሜይል ወይም ፍላሽ ላይ ይላከው።

ቀለም_አራት_ኪሎ

እግዜር ይስጥልን ወንድሜ! ፓስወርዱ 1234 አይደለም፤ የለም።

ማሽኖቹ ፕሮ ናቸው፣ አየሁ። ክራኩንም አልክድም። ግን አሁኑኑ ብዘጋው ነገ ጠዋት ሰልፍ አለ፣ አንድ ነገር እምቢ ቢል ልጆቹ ሳይሆኑ አጎቴ ናቸው የሚያብዱት። እንዴት ልጀምር?

ኬብል_ሳቢ

አትዝጊው። መጀመሪያ «ኦዲት ኦንሊ» ላይ አድርጊው። ምንም አያግድም፤ «ብዘጋ ኖሮ ይኼንን አግደው ነበር» ብሎ ብቻ ይመዘግባል። ኢቨንት ቪውወር ውስጥ አፕሎከር የሚል መዝገብ አለ፤ ቁጥር 8003 የሚለውን ፈልጊ። አንድ ሁለት ማሽን ላይ የተለመደውን ሥራ ይሥሩበትና የተመዘገበውን አምጪልኝ።

አፕሊኬሽን አይደንቲቲ የሚባለው ሰርቪስ ካልተነሳ ሕጉ ሁሉ ወረቀት ነው። ከሰርቪስስ መስኮት አውቶማቲክ ላድርግህ ስትይው እምቢ ይላል፤ ዊንዶውስ 10 ላይም 11 ላይም እንደዚያ ነው፣ ደንግጠሽ እንዳትተዪው። ከግሩፕ ፖሊሲው ወይም በአድሚን ከተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ነው የሚስተካከለው።

ሒሳብ_ሹም

ለሒሳብ ሠራተኛዋ ማሽን አንድ ነገር ልጨምር፣ ፒችትሪ ላይ ዓመታት ስለቆየሁ። ፒችትሪ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ተራ ተጠቃሚ ካልጻፈበት አይሠራም። ስለዚህ ተራ አካውንት ስትከፍቺላት እዚያ ፎልደር ላይ የመጻፍ መብት ስጪያት። የዳታ ፎልደሩን ግን አፕሎከር ውስጥ «ከዚህ የሚነሳ ይፈቀድ» ብለሽ እንዳታስገቢው። ሰው የሚጽፍበት ቦታ ላይ ፕሮግራም እንዲነሳ መፍቀድ በሩን መልሶ መክፈት ነው። ባክአፑንም ያው ማሽን ላይ አታስቀምጪ። ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ ከተገለበጠ በኋላ ተነቅሎ።

ኬብል_ሳቢ

ሒሳብ ሹም በትክክል። ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ራንሰምዌር ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። «ሥራ» ፎልደርንም እንደዚያው። ደግሞ የደንበኛ ማሽኖች ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ እንዲጽፉበት ለምን ተፈቀደ? የዲዛይኖቹ ሦስቱ ይጻፉ፤ ሌሎቹ «ገቢ» የሚል ትንሽ ፎልደር ይበቃቸዋል።

ቀለም_አራት_ኪሎ

ኦዲቱ ላይ ያገኘሁት ጉድ ነው። አንደኛ ቴሌግራም፤ ከአፕዳታ ውስጥ ነው የሚነሳው። ሁለተኛ ያ አክቲቬተር፣ በየጊዜው ራሱ ይነሳል ለካ። ሦስተኛ የዲዛይነራችን ፖርታብል (ሳይጫን የሚሠራ) ፎቶሾፕ፣ ዲ ድራይቭ ላይ የተቀመጠ። አራተኛ ከፍላሽ ላይ የተነሳ ኤክስኢ፤ ስሙ «ምዕራፍ 4» ይላል፣ ምስሉ የፎልደር ነው። ልጁ ፎልደር መስሎት ነክቶታል፣ እኔም ብሆን እነካው ነበር። የፎቶሾፑን ነገር ዲዛይነሩ ሲሰማ ፊቱን አጠቆረብኝ።

ኬብል_ሳቢ

«ምዕራፍ 4» መልሱን ሰጠሽ አይደል? አጎትሽን እሱን አሳዪያቸው።

ቴሌግራምን በፎልደር ሳይሆን በአሳታሚው ፊርማ ፍቀጂው፣ «ፐብሊሸር» የሚለው ሕግ ነው። አፕዴት ሲያደርግ አይበላሽብሽም፣ ሌላ ነገር ቴሌግራም ብሎ ራሱን ቢጠራም አይከፈትም። ፓወር ግዕዝና የመሳሰሉት ፊርማ ከሌላቸው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ እስከተጫኑ ድረስ በዲፎልቱ ሕግ ያልፋሉ።

ፖርታብል ፎቶሾፑ ላይ ከባድ ነው። አንቺ በአድሚን ገብተሽ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ብታስገቢው ይከፈታል፣ በቴክኒክ። ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም በገዛ እጅሽ ዝርዝር ውስጥ አስገባሽው ማለት ነው፤ ዋይትሊስት የሚጠብቅሽ የፈቀድሽውን አምነሽ ከሆነ ብቻ ነው። አንዱን ዲዛይን ማሽን ሕጋዊ አድርጉት፣ ለሌሎቹ ጂምፕና ኢንክስኬፕ ነፃ ናቸው። ዲዛይነሩ ሁለት ሳምንት ያጉረመርማል፣ ይለምደዋል። አክቲቬተሩን ግን ጭራሽ አትፍቀጂው፤ ዊንዶውሱን በላይሰንስ ፎርማት አድርጊና ከዜሮ ጀምሪ። በራንሰምዌር የተመታ ማሽን ለነገሩ ፎርማት ሳይደረግ ወደ ሥራ መመለስ አልነበረበትም።

እግረ መንገዴን፣ ዴስክቶፑ ላይ የደንበኛ መታወቂያና ፓስፖርት ስካን ተከማችቶ እንደሆነ አጥፉት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ ያ ሁሉ መታወቂያ ቢወጣ ጣጣው ከሠርግ ካርዱ ይብሳል።

ቦሌ_ቴክ

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ጥያቄ፦ ተማሪ የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ) ውጤቱን በራሱ ፋይል ይዞ ሲመጣስ? እኛ ጋ «ጫኑልኝና አትሙልኝ» ይላሉ፣ ኢንስቶለሩን ከነክራኩ በፍላሽ ይዘው።

ቀለም_አራት_ኪሎ

እኛም ጋ! ልጆቹ ይጭኑለታል እኮ፣ ደንበኛ እንዳይከፋ ብለው። አሁን ግን ተራ አካውንት ከሆነ አይጫንም ማለት ነው?

ኬብል_ሳቢ

አይጫንም፣ ደግም አይደል። ተማሪው ኤስፒኤስኤስ ያለበት ማሽን ላይ ሆኖ «ኤክስፖርት» ብሎ ፒዲኤፍ ወይም ወርድ ማድረግ ይችላል። «የኤስፒኤስኤስ ውጤት በፒዲኤፍ አድርጋችሁ አምጡ» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፉ። በትልቁ፣ በቀለም። ኅትመት ቤት አይደላችሁ እንዴ!